አተያይን ከሚለውጡ መጻሕፍት የትኛውን እናስቀድም? አምስት የኢትዮጵያ ሥራዎች በንጽጽር

«ሕይወቴን የለወጠው መጽሐፍ» የሚለው አነጋገር ከመብዛቱ የተነሳ ዛሬ ዛሬ ብዙም የማይነግረን ሆኗል። አንዱ እያነበበ እንባውን ያፈሰሰበትን፣ ሌላው በችግሩ ጊዜ ያበረታታውን፣ ሌላው ደግሞ በወጣትነቱ ስላነበበው ብቻ የሚወደውን መጽሐፍ በዚሁ ስም ይጠራዋል። እዚህ የምንጠቀምበት መለኪያ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። አንድ መጽሐፍ አተያይን ለወጠ የሚባለው፣ አንባቢው ቀድሞ «ይህማ ግልጽ ነው» ብሎ ያልፈው የነበረ ማብራሪያ ከንባቡ በኋላ አልበቃ ሲለው ነው። ደስታም ሆነ ሐዘን፣ የቋንቋ ውበትም ሆነ የታሪክ ዕውቀት ከዚህ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ብቻውን ግን ያን ሥራ አይሠራም።

መለኪያው እንዲህ ከሆነ የምርጫው ጥያቄም አብሮ ይለወጣል። «ከሁሉ የሚበልጠው መጽሐፍ የትኛው ነው?» ማለት ይቀርና «እኔ ሳልመረምረው የያዝኩት ማብራሪያ ስለ ምን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይመጣል። ስለ እምነትና ስለ አስተማሪዎች ሥልጣን ይሆን? ስለ ሀብትና ድህነት? ስለ ዘርና ማዕረግ? ወይስ መንግሥት ስለሚነግረን ነገር? ለአንዱ ሰው መሬቱን ያናወጠ መጽሐፍ ለጎረቤቱ ተራ ታሪክ የሚሆነው፣ ሁለቱ ሳይመረምሩት የተሸከሙት ነገር ስለሚለያይ ነው። እርስዎን ያልነካዎት መጽሐፍ ስለዚህ የግድ ደካማ አይደለም፤ ምናልባት እርስዎ ቀድመው የመለሱትን ጥያቄ የሚጠይቅ ነው።

ለንጽጽሩ የመረጥኳቸው አምስት ሥራዎች ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ፣ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፣ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» እና የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ናቸው። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙትን ሆነ ብዬ ትቻለሁ፤ ሩቅ አገር ላይ የተደረገን ግፍ አንብቦ መቆጣት ቀላል ነው፣ የገዛ ቤትን ሥርዓት በአዲስ ዓይን ማየት ግን ይከብዳል፣ አተያይም ይበልጥ የሚለወጠው በዚያ ነው። (ከትርጉሞቹ መካከል ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ውስጥ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ከልብ ወለዱ ይልቅ የአተረጓጎሙ ታሪክ ብዙ ሰው የለወጠ ይመስለኛል።) በሽፋናቸው ላይ «ይህን መጽሐፍ አንብበው ሌላ ሰው ይሆናሉ» የሚሉትን ደግሞ ያልጨመርኩት፣ አብዛኞቹ አንባቢው አስቀድሞ የሚያምነውን ነገር በጠንካራ ድምፅ መልሰው ስለሚነግሩት ነው።

ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ፦ ለጠያቂው

ከአምስቱ አጭሩ ይህ ነው፤ ጸጥ ባለ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ሊያልቅ ይችላል። በግዕዝ የተጻፈ ሲሆን፣ ተራኪው በ1599 እ.ኤ.አ. በአክሱም አካባቢ ተወልዶ የቤተ ክህነት ትምህርት እንደተማረ፣ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ ሃይማኖትን በተቀበሉበት ዘመን በንጉሡ ዘንድ ተከስሶ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ እንደሸሸ፣ ከተከዜ አቅራቢያም በዋሻ ውስጥ ለ2 ዓመት እንደኖረ ይናገራል። በዚያ ዋሻ የሚያቀርበው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ፈረንጁም (ካቶሊኩ) ግብፃዊውም (ኦርቶዶክሱ) «እውነት በእኔ ዘንድ ነው» ካለ፣ በመካከላቸው የሚፈርደው ማን ነው? የራሱ መልስ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ነው የሚል ነው።

የመጽሐፉን ኃይል ግን ከዋሻው በኋላ ባለው ክፍል ነው የማየው። ዘርአ ያዕቆብ ወደ እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ሲኖር፣ በዚያ ቤት የምታገለግለውን ሂሩትን ለማግባት ይጠይቃል። ጌታው «አገልጋይህ ትሁን» ሲለው፣ አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ እንድትሆን እፈልጋለሁ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና አገልጋይ ልንላቸው አይገባም የሚል መልስ ይሰጣል። ከዋሻ የወጣው ሐሳብ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ሴት ላይ፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚታይበት ቦታ ይህ ነው። የባሪያ ንግድን የሚነቅፈው፣ ጾምንና ምንኩስናን የሚጠይቀው፣ ብዙ ሚስት ማግባትን የሚቃወመውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲነገር አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ፈረንሳዊው ሊቅ ወደ አንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ነበር፤ ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ደራሲው ራሱ መነኩሴው ነው» ብሎ ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያዊው ዘርአ ያዕቆብ ሥራ መሆኑን ብዙ ገጽ ፈጅተው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ለአንባቢው የምመክረው ግን ክርክሩን ሐተታውን ከጨረሰ በኋላ እንዲያነበው ነው፤ አስቀድሞ ያወቀው ሰው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እንደ መርማሪ ፖሊስ ስለሚያየው፣ መጽሐፉ የሚያቀርብለትን ጥያቄ ሳይሰማ ይጨርሰዋል። ከጨረሰ በኋላ ግን ክርክሩ ራሱ ጥሩ ፈተና ይሆንለታል። «ሰምተህ አትቀበል፣ መርምር» የሚል መጽሐፍ ስለ ራሱም እንዲመረመር መጋበዙ አይቀርም።

ለማን አይሆንም? በእምነቱ ጉዳይ ገና የቆሰለ፣ ወይም ከቤተሰቡ ጋር በዚሁ ምክንያት ጠብ ላይ ያለ ሰው ሐተታውን እንደ መሣሪያ ሊይዘው ስለሚችል ቢያቆየው ይሻላል። ዘርአ ያዕቆብ ፈጣሪን የካደ ሰው አይደለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጸልይ ሰው ነው። ይህን ያላስተዋለ አንባቢ መጽሐፉን ግማሽ ብቻ አንብቦታል።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር፦ «ለምን ደኸየን?» ለሚለው

ከአምስቱ ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው፣ ጥቂት ሰው የሚጨርሰው መጽሐፍ ይህ ይመስለኛል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1886 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኦስትሪያና በጀርመን ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊም ነበሩ። ይህን ሥራቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት በጉምሩክ በር ላይ የቆመ ሰው አገሪቱ ምን እንደምታወጣና ምን እንደምታስገባ በየዕለቱ በዓይኑ ያያል። በ1919 እ.ኤ.አ. በ33 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1924 እ.ኤ.አ. (በ1916 ዓ.ም.) ነው።

የመጽሐፉ ዋና ክርክር የሚያፈርሰው ማብራሪያ «ድሃ የሆንነው ስለማንሠራ ነው» የሚለውን ነው። ሰነፍ ሕዝብ ይደኸያል ከማለት ይልቅ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ ምን እንደሚሆን ይመረምራል። ክርክሩን በራሴ ምሳሌ ላስረዳ። በእጅ በተፈተለ ጥጥ አንድ ጋቢ ለመሥራት የፈታይዋና የሸማኔው የብዙ ቀን ድካም ይገባበታል፤ የፋብሪካው ማሽን ያንኑ ያህል ጨርቅ በደቂቃዎች ያወጣዋል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ገበያ በተቀራረበ ዋጋ ሲለዋወጡ፣ የተለዋወጠው ጨርቅ በጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ብዙ የድካም ቀን በጥቂት የድካም ደቂቃ ተለውጧል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ውል አላፈረሰም፣ ሆኖም አንዱ ወገን በእያንዳንዱ ግብይት እየከሳ ሌላው እየፋፋ ይሄዳል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ይህን የጻፉት ስለ ያልተመጣጠነ የዓለም ንግድ የሚናገሩ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በሌሎች አህጉራት በሰፊው ከመሰማታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ይህን ክርክር የተረዳ አንባቢ ከዚያ በኋላ በመርካቶ ሲያልፍ፣ ወይም ጥሬ ቡና ወጥቶ የተቆላ ቡና በውድ ዋጋ ሲመለስ ሲያይ፣ ቀድሞ ያላየውን ስሌት ማየት ይጀምራል። ከሐተታው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሐተታው አንባቢውን ወደ ውስጡ ሲመልሰው፣ ይህኛው ወደ ገበያ፣ ወደ ጉምሩክ፣ ወደ መንገድና ወደ ትምህርት ቤት ይልከዋል።

ድካሙ ግን ቀላል አይደለም። የምጣኔ ሀብት ቋንቋ በአማርኛ ገና ባልተደላደለበት ዘመን የተጻፈ ስለሆነ፣ ዛሬ በአንድ ቃል የምንጠራውን ነገር ለማስረዳት ግማሽ ገጽ የሚሄድበት ጊዜ አለ። እንደ ልብ ወለድ በአንድ ትንፋሽ ሊወጣ አይችልም፤ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ እርሳስ ይዞ፣ ክርክሩን በራስ ምሳሌ እየሞከሩ ማንበብ ይሻላል። የሚከብደው ሰው በ1912 እ.ኤ.አ. በወጣው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው አጭር ጽሑፋቸው ቢጀምር ጥሩ መግቢያ ያገኛል፤ በዚያ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር እንዲወሰን፣ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ፣ የገንዘብ ሥርዓት እንዲስተካከል፣ የሃይማኖት ነጻነት እንዲከበር የጠየቁበት ድፍረት አሁንም ያስደንቃል። አንድ ነቀፌታም አለኝ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የዘመናቸውን የአውሮፓ የሥልጣኔ መሰላል ብዙ ሳይጠራጠሩ ተቀብለውታል፣ ስለዚህም ስለ ገዛ ሕዝባቸው የሚናገሩት አንዳንዴ ምርር ያለ ነው። አንባቢው ስሌታቸውን ወስዶ ምሬታቸውን ማስቀረት ይችላል።

ፍቅር እስከ መቃብር፦ ሥርዓትን ከውስጥ ለማየት

በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ከአምስቱ ረጅሙም፣ ብዙ ሰው የሚወደውም እሱ ነው። ችግሩ ያለውም እዚያው ነው። ብዙዎቻችን በአሥራዎቹ ዕድሜ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር አንብበን፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተን፣ «አውቀዋለሁ» ብለን ዘግተነዋል። እንደ ፍቅር ታሪክ ያነበበው ሰው ያለቀሰበትን መጽሐፍ አግኝቷል፤ አተያዩን የሚለውጠውን መጽሐፍ ግን ገና አላነበበውም።

በሁለተኛው ንባብ ፍቅሩን ትንሽ ወደ ጎን ብለው ፊታውራሪ መሸሻን ይከተሉ። ልጃቸውን ሰብለን የሚጠይቁት ባሎች አንድ በአንድ «አጥንቱ አይመጥንም» እየተባሉ ሲመለሱ፣ የልጅቱ ዕድሜ ሲሄድ፣ ቤቱ በማዕረግ እየከበረ በሕይወት እየደኸየ ሲመጣ ይመለከታሉ። ፊታውራሪ ልጃቸውን አይጠሉም። ይልቁንም በሚያውቁት ብቸኛ መንገድ ይወዷታል፤ ክብሯን መጠበቅ ለእሳቸው ፍቅር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ብልኃት አንድ ክፉ ሰው ፈጥረው በእሱ ላይ ከማላከክ ይልቅ፣ ሥርዓቱ ተጠቃሚ የሚመስለውን ሰው ራሱን እንዴት እንደሚበላ ማሳየታቸው ነው። ያው ሥርዓት በባላገሩ ላይ ሲመጣ ደግሞ በሌላ መልኩ ይታያል። ገበሬዎቹ ከልማዱ በላይ የተጨመረባቸውን አንሰጥም ሲሉ፣ አዛውንቱ ጌታ ሠራዊት አስከትለው በገዛ ጢሰኞቻቸው ላይ የሚዘምቱበት ክፍል አስቂኝም አስፈሪም ነው፤ አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎች በዚያ ቀን የሚያገኙት ከድልም በላይ «ጌታ ሊሸነፍ ይችላል» የሚለውን ዕውቀት ነው።

ጉዱ ካሳን ብዙ ሰው እንደ ደራሲው አፈ ቀላጤ ያነበዋል። እኔ ግን እሱን ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ሰዎች መመልከት የበለጠ ያስተምራል እላለሁ። የጌቶቹ ዘመድ የሆነ፣ የተማረ፣ የሚናገረውም አመክንዮ ያለው ሰው ነው፤ ኅብረተሰቡ ግን ክርክሩን አይመልስለትም፣ «ጉድ ነው» ብሎ ስም ብቻ ይሰጠዋል። አንድ ሥርዓት ራሱን ከጥያቄ የሚከላከለው ሁልጊዜ በጅራፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጠያቂውን እብድ በማድረግ ነው። ይህን ያስተዋለ አንባቢ በመሥሪያ ቤቱም፣ በዕድሩም፣ በቤተሰቡም «ጉዱ» የተባለ ሰው ማየት ይጀምራል።

ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ የአንዱ ድክመት የሌላው ብርታት ነው። ነጋድራስ ሕዝብ ለምን እንደሚደኸይ በክርክር ያስረዳሉ፣ በመጽሐፋቸው ውስጥ ግን የሚተነፍስ ሰው እምብዛም የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰው ይሰጡናል፤ መፍትሔውን ግን ለአንባቢው ይተዉለታል። ልብ ወለዱ ከታተመ 9 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ጢሰኝነት በአዋጅ ቀረ። አዋጁን መጽሐፉ አመጣው ማለት ማጋነን ነው፤ የዚያ ትውልድ የከተማ አንባቢ ስለ ገጠሩ ሥርዓት ሲያስብ ግን ፊቱ ላይ የሚመጡት ሰዎች ከዚህ መጽሐፍ የወጡ መሆናቸውን በዕድሜ የገፉ አንባቢዎችን ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

ማንበብና ማዳመጥ ለየቅል ናቸው። የሬዲዮ ትረካው ቅጂ በበይነ መረብ ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ ለሚነዳ፣ ለሚሠራ፣ የዓይን ችግር ላለበትም ሰው ትልቅ ጸጋ ነው፣ የወጋየሁ ድምፅ ደግሞ ምትክ የለውም። የጉዱ ካሳ ረጃጅም ክርክሮች ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብን ስለሚጠይቁ በጆሮ ያመልጣሉ። ታሪኩን አዳምጦ እነዚያን ክፍሎች ከመጽሐፉ ማንበብ የሚችል ሰው ሁለቱንም ያገኛል።

አልወለድም፦ ጊዜ ለሌለው

በ1955 ዓ.ም. የወጣው የአቤ ጉበኛ ሥራ በማኅፀን ያለ ፅንስ «ወደዚህ ዓለም አልመጣም» ብሎ ከእናቱ ጋር ሲከራከር ይጀምራል። ሐሳቡ ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ለማስታወስ ይበቃል፤ መወለድን እንደ ስጦታ ብቻ ማየት የለመደ አንባቢ፣ ድሃ ቤት ውስጥ መወለድ ለልጁ ምን ማለት እንደሆነ በልጁ አንደበት ይሰማል። መጽሐፉ በንጉሡ ዘመን ታግዷል። አጭርና ፈጣን ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ግን እንደ ፍቅር እስከ መቃብር ሰዎች ሥጋና ደም የለበሱ አይደሉም፣ ደራሲው ራሱ የሚናገርባቸው ቦታዎችም በርካታ ናቸው። ረጅም መጽሐፍ ጀምሮ የመተው ልማድ ያለበት ሰው በዚህ ቢጀምር አይቆጭም።

ኦሮማይ፦ ዜና ለሚከታተል

በዓሉ ግርማ ይህን ልብ ወለድ ሲጽፍ ከውጭ ሆኖ አልነበረም። ጋዜጠኛ፣ አዘጋጅ፣ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻም በፕሮፓጋንዳው ሥራ አሥመራ ላይ ተሳትፏል። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያምም ለዚሁ ሥራ ወደ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ አዲስ አበባ እጮኛውን ሮማንን ትቶ ሄዶ አሥመራ ላይ ፊያሜታን ያገኛል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ለገበያ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም።

የኦሮማይ አሠራር ከሌሎቹ አራቱ ይለያል። ሐተታው ይከራከራል፣ ነጋድራስ ያሰላሉ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳያሉ። በዓሉ ግን አንባቢውን ተባባሪ ያደርገዋል። የስለላው ታሪክ ፈጣን ነው፣ ፍቅሩ ይስባል፣ ከተማዋ በቡና ቤቶቿና በዘንባባዎቿ ትማርካለች፤ አንባቢው የስብሰባዎቹን ዕቅድ እየተከተለ ዘመቻው እንዲሳካ ይጓጓል። ጦርነቱ ወደ ናቅፋ ተራሮች ሲደርስ ነው ያን ሁሉ ጉጉት ከየት እንዳመጣው ራሱን የሚጠይቀው። ጸጋዬ በዓይኑ የሚያየውና ለሕዝብ የሚያዘጋጀው ነገር እየተራራቀ ሲሄድ፣ አንባቢውም እስካሁን ያነበበውን በየትኛው ጆሮ እንደሰማ ይመረምራል። ዜናን በየሰዓቱ በስልኩ ለሚከታተል፣ አንዱን ወገን ለይቶ ለሚያጋራ ሰው፣ ከአምስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ መጽሐፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። የደራሲው መጥፋት እጅግ ከባድ ታሪክ ስለሆነ መጽሐፉን ሊውጠው ይችላል፤ ብዙ ሰው ኦሮማይን የሚያነበው በዓሉን ምን እንዳስጠፋው ለመፈለግ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱን ከእውነተኛ ባለሥልጣናት ጋር ማዛመድ ላይ ተጠምዶም ይጨርሰዋል። ልብ ወለዱን አስቀድሞ፣ የደራሲውን ታሪክ ከዚያ በኋላ ማንበብ የተሻለ ቅደም ተከተል ነው። ሌላው፣ ጦርነት በቅርብ የነካው፣ ዘመዱን በዚያኛውም ይሁን በሰሞኑ ጦርነት ያጣ ሰው፣ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ማታ ከመተኛቱ በፊት ባያነብ መልካም ነው።

ስለ ቅጂና ስለ ቋንቋ

ፍቅር እስከ መቃብርና ኦሮማይ በተደጋጋሚ ስለታተሙ በመጽሐፍ መደብርም በመንገድ ሻጮችም ዘንድ በቀላሉ ይገኛሉ። ሆኖም ከአዟሪ ሲገዙ ሕገወጥ ቅጂ እንዳይሆን ይመልከቱ፤ ወረቀቱ የሳሳ፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ አንዳንዴም ገጽ የዘለለ ይሆናል። ከመክፈልዎ በፊት የገጽ ቁጥሩን መሐል ላይና መጨረሻ ላይ ፈትሾ ማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ በ500 ገጽ ልብ ወለድ ውስጥ 16 ገጽ መጥፋቱን አራተኛው መቶ ላይ ሲደርሱ ማወቅ ያበሳጫል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሥራዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ተሰብስበው ታትመዋል፤ ሁለቱን ጽሑፎች በአንድ ጥራዝ ማግኘት ስለሚያስችል ያንን እትም እመርጣለሁ። ሐተታውን ግዕዝ የሚችል በግዕዙ ቢያነበው ይበልጥ ይረካል፤ የማይችል የአማርኛ ትርጉሞቹን ይጠቀም።

በውጭ አገር ላደጉና አማርኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች ሁለት በር ተከፍቷል። ሐተታው በ2023 እ.ኤ.አ. ከክርክሩ ታሪክ ጋር አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አግኝቷል፤ ኦሮማይም በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጥቷል። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ለሚኖር ቤተሰብ፣ ወላጅ በአማርኛ ልጅ በእንግሊዝኛ ያንኑ ኦሮማይ አንብበው የሚወያዩበት ዕድል ከዚህ በፊት አልነበረም። አሥመራን ወይም አዲስ አበባን የሚያስታውስ አያት ካለ ደግሞ ውይይቱ ከመጽሐፉ ይሰፋል።

ታዲያ የትኛው ይቅደም?

አስተማሪ፣ ሰባኪ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ ለሆነ፣ ቃሉ ሳይጠየቅ ለሚሰማለት ሰው፣ ሐተታውን አስቀድማለሁ። ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የግብር ሠራተኛ ወይም የምጣኔ ሀብት ተማሪ በነጋድራስ ቢጀምር በየቀኑ የሚነካውን ነገር በአዲስ ዓይን ያየዋል። «የእኛ ቤተሰብ»፣ «የእነሱ ወገን» የሚለው አነጋገር ከአፉ የማይለይ ሰው ፍቅር እስከ መቃብርን በድጋሚ ያንብብ። ጋዜጠኛና የመንግሥት ቃል አቀባይ፣ እንዲሁም በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ኦሮማይን ሳያነብ ባይውል ይሻላል።

ሁለት ብቻ የማንበብ ጊዜ ላለው ፍቅር እስከ መቃብርንና መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደርን አጣምራለሁ፤ በዚህም ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ባላገሩን በሥጋው ካዩት በኋላ ስለ ሕዝብ ድካም የሚደረገው ስሌት ደረቅ አይሆንም፤ በተቃራኒው የተጀመረ እንደሆነ ግን ብዙ አንባቢ ስሌቱ ላይ ሰልችቶት ወደ ሁለተኛው ሳይደርስ ይቀራል። ሐተታውና ኦሮማይም ጥሩ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ የሰማኸውን መርምር ሲል፣ ሌላው ሳይመረምር የሰማ አንባቢ የት እንደሚደርስ በራሱ ላይ ያሳየዋል።

ለንባብ ማኅበር የሚመርጥ ሰው በአልወለድም ይጀምር፤ አጭር ስለሆነ ሁሉም አንብቦ ይመጣል፣ የፅንሱ ክርክርም ሰውን ወዲያው ለሁለት ይከፍላል። ኦሮማይ በማኅበር ሲነበብ ግን ውይይቱ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ዛሬ ፖለቲካ ስለሚሮጥ፣ መሪው የሚወያዩበትን ምዕራፍ አስቀድሞ ወስኖ እዚያ ላይ እንዲያቆማቸው ያስፈልጋል። ሐተታውን በማኅበር እንዲነበብ አልመክርም፤ በሰው ፊት ስለ እምነት የተጠየቀ ሰው ወይ ለመከላከል ወይ ለመታየት ይመልሳል፣ መጽሐፉ ደግሞ ሁለቱንም አይፈልግም።